ያልተበሱ ባልዲዎች

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ጫማዋንም ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በረንዳው አለፈችና "ወይኔ!" አለች። ጠዋት ትንሽ ተሽሏቸዋል ብላ የተወቻቸው ቲማቲሞች አንገታቸውን ደፍተዋል። ቃሪያውማ አይወራ፤ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የአፈሩ ፊት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የበጋ ፀሐይ ሲወርድበት የዋለው የበረንዳው ብረት ክንዷን ቢነካት "እፍ!" ብላ ሸሸችው።

በረንዳ ተባለ እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። የውሃ በርሜል አለ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ በተረፈችው ቦታ ላይ ደግሞ በአራት የቀለም ባልዲ የተተከለ አትክልት አለ። ይኸው ነው። ግን እሷ ቀኑን ሙሉ በሆቴሉ ላውንደሪ በካውያ እንፋሎት ስትቀቀል ውላ፣ ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ እግሯን እየጎተተች አራተኛ ፎቅ ድረስ የምትወጣው እነዚህን ለማየት ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያድግ ነገር አልነበረማ።

ባሏ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ግድግዳውን የቀባው ራሱ ነው፤ አንድም የብሩሽ ጭረት አይታይበትም።

"አንተ!"

"እ?"

"ጠዋት ስወጣ ምን ብዬህ ነበር?"

"ምን አልሽኝ?"

"ቀትር ላይ ውሃ አጠጣቸው አልኩህ። ውሃ! ድንጋይ ፍለጥ አላልኩህም።"

"አጠጥቻለሁ" አለ፣ ሳይዞር።

"አጠጥተህ ነው እንዲህ የሆኑት? ተነስና እያቸው እስቲ! ሙሉ ቀን ቆሜ፣ እግሬ እንዲህ አብጦ፣ ስገባ የማየው ይሄን ነው? አልጋው እኮ ያንተን ቅርጽ ያዘ!"

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ክው አለች። እሱ ግን አልተቆጣም፣ አልዞረምም፤ ትከሻውን ብቻ ሰብሰብ አደረገ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር። ድሮ እኮ አንድ ብትለው ሁለት የሚመልስ፣ በመሃሉ ቀልዶ የሚያስቃት ሰው ነበር። ይቅርታ ልትለው አሰበች፤ ድካሙ ቀደማትና ጆጉን ከበርሜሉ እየሞላች በየባልዲው ላይ ገለበጠችው። ውሃው አፈሩ ላይ ቆመ፣ አልሰርግም አለ፣ ከዚያ በባልዲዎቹ አፍ እየፈሰሰ በበረንዳው ጠርዝ ወደ ታች ወረደ። እሷ ልብም አላለችው።

ባልዲዎቹ የእሱ ናቸው። ቀለም ቀቢ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "መሰላል" ይሉታል፤ አንድም በቁመቱ፣ አንድም አንዴ ከወጣ ለምሳ እንኳ ካልተለመነ ስለማይወርድ። ባለፈው ዓመት ከሚቀባው ሕንፃ ወደቀ፣ ዳሌው ውስጥ ብረት ገባለት፣ በክራንች ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራው የለም፤ ማን ደፍሮ!

ባልዲዎቹም አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክተው ከበሩ ጀርባ አቧራ ሲጠጡ ከረሙ። በጋው ሲገባ እሷ ከገበያ ችግኝ ገዝታ መጣች። የሆነ ነገር ከበቀለ እሱም ይነሳ ይሆናል ብላ ነው፤ ይህን ደግሞ ለሰው አትናገረውም። ችግኝ የሸጠችላት ሴት "የባልዲውን ግርጌ መብሳት እንዳትረሺ፣ ውሃው መውጫ ይፈልጋል" ብላታለች። አልረሳችም። ሚስማር ቡታጋዙ ላይ አግላ፣ በፒንሳ ይዛ፣ አንዱን ባልዲ ደፍታ ልትበሳው ስትል ቀና አለች። ባሏ ከአልጋው ሆኖ ያያታል።

የተበሳ ባልዲ ቀለም አይዝም። ብትበሳው "በቃህ፣ ከእንግዲህ ሥራ የለህም" ብላ ፊት ለፊት የነገረችው ያህል መሰላት። ሐኪሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራት ደግሞ ልክ ይህንኑ ነበር፤ መሰላል የሚባል ነገር አይታሰብ ብሏታል። ያንን ቃል እንደዋጠች ነው የምትኖረው። ሲያሻት "ሲሻልህ እኮ" ትለዋለች፣ ሲያሻት "ሁሉም በጊዜው ነው" ትለዋለች፣ እሱም "እሺ" ይላታል። ስለዚህ ሚስማሩን ውሃ ውስጥ ነክራ አቀዘቀዘችውና ችግኞቹን እንዲያው ሳትበሳ ተከለቻቸው። አምስተኛዋን፣ እሱ ነጭ ቀለም ብቻ የሚበጠብጥባትን ባልዲ ደግሞ አሳምራ አጥባ፣ ብሩሹን ውስጧ አቁማ፣ ከበሩ ጀርባ መለሰቻት።

በሩ ተንኳኳ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እማማ ናቸው። ያደፈ አንሶላ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

"እንደምን አመሸሽ ልጄ። ገና መግባትሽ ነው፣ ደክሞሻል፣ አውቃለሁ። ግን ቻልኩ ቻልኩ፣ አልቻልኩም።"

"ምነው እማማ? ይግቡ እንጂ።"

"አልገባም። ይቺን አንሶላዬን ብቻ እይልኝ።" ዘረጉላት። ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ወርዶበታል። "ዛሬ ሁለቴ አጠብኳት። ሁለቴም ከናንተ በረንዳ የጭቃ ውሃ ወረደባት። አሁን ደግሞ ላነሳት ስወጣ ይኸው ለሦስተኛ! ባልሽን ከታች ሆኜ 'ኧረ ቀስ!' ብዬ ጮኬበታለሁ። ረፋድ ላይ ያጠጣል፣ ቀትር ላይ ያጠጣል፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ ይደግማል። ያንን እግሩን እየጎተተ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ! ሳየው ያሳዝነኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ልጄ፣ የተከላችሁት ቲማቲም ነው ወይስ ሩዝ?"

እጇን ዘረጋች። "ይስጡኝ እማማ" አለች። "ነገ ሥራ ቦታ አጥቤ፣ ተኩሼ አመጣልዎታለሁ።"

"ኧረ ተይ፣ አንቺ አንሶላ መቼ አነሰሽ!"

"ግድ የለም፣ ይስጡኝ።"

እማማ "ተባረኪ፣ እሱንም ፈጣሪ ይማረው" እያሉ ወረዱ። እሷ አንሶላውን እንዳቀፈች በሩ ላይ ተደግፋ ቀረች። ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያመላልስ ይውላል፤ እሷ ደግሞ ገብታ አልጋው ቅርጽህን ያዘ ትለዋለች።

"ሩዝ ነው አሉ?" አለ ባሏ። ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"ሩዝ ነው አሉ።" ሳቋ መጣ፤ ግን ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች።

"ፊትሽ ጭቃ ሆነ እኮ።"

"ይሁን።" መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። "አጠጥቻለሁ ብለኸኝ ነበር። አፌን ቁርጥ ያድርገው።"

"እኔም ብሆን ሁኔታቸውን አይቼ አላምንም። ጠውልገው ሳያቸው የጠማቸው ይመስለኛል፤ እጨምራለሁ። ይብስባቸዋል፤ ደግሞ እጨምራለሁ። ስትገቢ ለምልመው እንድታገኚያቸው ነበር።"

"እኔም እኮ ንጋት ላይ አጠጥቼ ነው የምወጣው። ማታም እደግማለሁ።"

"ኧረ! ንጋት ላይም?"

ተያዩ። እሱ ክራንቹን ሳበና ተነሳ፤ እሷም ተከተለችው። በረንዳው ለሁለት አይበቃምና እሷ ደፉ ላይ ቆመች። እሱ ብረቱን ተደግፎ ጎንበስ አለና ረጅም ጣቱን አፈሩ ውስጥ እስከ ሥሩ ሰደደው። ሲያወጣው ጥቁር ጭቃ ተለጥፎበታል፣ ሽታውም የቆመ የቦይ ውሃ ነው።

"ሰጥመዋል" አለ። "ደርቀው አይደለም። ከላይ ነው የደረቀ የሚመስለው፤ ከታች ረግረግ ነው። ውሃው የት ሄዶ? ግርጌውን አልበሳሽውም እንዴ?"

"አልበሳሁትም።"

"ለምን?"

ደፉ ላይ የወደቀ ቅጠል ጎንበስ ብላ አነሳች።

"ለምን አልበሳሽውም?"

"የሥራ ዕቃህ ነዋ!" ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። "ከተበሳ ቀለም አይዝም። ሲሻልህ ምን ይዘህ ልትወጣ ነው?"

ባሏ ጣቱን በሱሪው ላይ ጠረገ። ቀስ ብሎ ነው የጠረገው፣ ልክ ብሩሽ እንደሚያጸዳ።

"ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ምን አለሽ?"

"ምንም።"

"አንቺ ደግሞ መዋሸት አትችዪበትም።"

"መሰላል እንዳይታሰብ አለኝ" አለች። የዋጠችው ቃል ወጣ።

"ለኔም ብሎኛል" አለ። "አንቺ ወደ ተኛሁበት ክፍል ከመግባትሽ በፊት።"

"እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልከኝ?"

"አንቺስ?"

ከታች የእማማ ሬዲዮ ይሰማል። ንዴት መጣባትና ወዲያው ለቀቃት፤ ለመናደድም እኮ ጉልበት ይፈልጋል። እሷን ያደከማት ካውያው ብቻ እንዳልነበረ የገባት አሁን ነው። በየማታው ፊቷን አሳምራ፣ "ሲሻልህ እኮ" እያለች እዚህ ቤት መግባቱ ነበር ወገቧን የሰበረው። እሱም በየማታው "እሺ" ሲላት ኖሯል።

"ሚስማሩን አምጪው" አለ።

ቡታጋዙን ለኮሱ። እሱ ክራንቹን በብብቱ ይዞ ሚስማሩን በፒንሳ እሳቱ ላይ አገላበጠው። እስከ ወለሉ መጎንበሱ ስላቃተው መብሳቱ ለእሷ ደረሰ፤ እሱ ያግላል፣ እሷ ትወስዳለች።

"አትግፊው" ይላታል ከኋላዋ። "ያዝ አድርጊው ብቻ። ፕላስቲኩ ራሱ ይለቅልሻል። ከጎኑ፣ ከግርጌው ትንሽ ከፍ አድርገሽ።"

"እሺ ፎርማን።"

"ፎርማን ብሆንማ ሠራተኛዬ እንዲህ አትንቀረፈፍም ነበር።"

የመጀመሪያውን ስትበሳ ጥቁር ውሃ ፊጭ ብሎ ወጣ። የእማማን አንሶላ አስታውሳ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ከስር አስገባችለት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ሳፋው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ። ዳር ያለችው ቲማቲም ነካ ሲያደርጓት ከነሥሯ ተነቅላ ወጣች፤ ሥሯ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ሌሎቹ ይተርፉ አይተርፉ ገና አይታወቅም። ሲጨርሱ ዓይኗ ከበሩ ጀርባ ወደ ነጯ ባልዲ ሄደ፤ የእሱም ሄዷል።

"ያቺን ተያት" አለ።

"እሺ" አለች። እራታቸውን በልተው ተኙ።

ጠዋት የቀሰቀሳት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ደንግጣ ተነሳች። ባሏ ቡታጋዙ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ነጯን ባልዲ በጉልበቶቹ መሃል ደፍቶ ይበሳታል። ብሩሹ ተጠርጎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከወደቀ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ቀድሟት ተነስቶ አያውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷን ግን ሆድ ባሳት። ያቺን ባልዲ ስንት ጊዜ ተሸክሞ ሲወጣ አይታዋለች!

"በጠዋቱ እማማን ልታስነሳብን ነው?" አለች፣ እንዳያስታውቅባት።

"ተነስተዋል። ሲያስሉ ሰምቻለሁ።" ሚስማሩን አነሳና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "የሞተችዋን ቲማቲም አፈር አስጥቼ አናፍሰዋለሁ። ይሄኛው ላይ ሌላ ችግኝ ይሆናል። ምን ሥራ አለኝ!"

የመጨረሻዋ ቃል መራራ ነበረች፤ ምሬቱን አልደበቃትም። እሷም "ሲሻልህ እኮ" አላለችውም።

ለባብሳ፣ የእማማን አንሶላ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ስትጨርስ ታች የሆቴሉ ሰርቪስ መኪና ጡሩንባ ተሰማ። እጇ በልማድ ጆጉን ከበርሜሉ ሞልቶት ነበር። አየቻቸው። ቲማቲሞቹ እንደ ትናንቱ አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው፣ ቃሪያውም ያው ነው። ውሃ የጠማው የሚመስል ነገር ፊት ጆግ ይዞ ዝም ብሎ መቆም እንዲህ ከባድ ነው እንዴ? ትንሽ ብቻ፣ ጉንጭ የማትሞላ ብቻ ባጠጣስ አለች በሆዷ። ባሏ ያያታል። ሚስማር አግላ የቆመች ዕለት እንዳያት ያያታል።

ጡሩንባው ደገመ። ተመልሳ የሞላውን ጆግ ከበርጩማው አጠገብ፣ ክራንቹ ሥር አስቀመጠችው።

"እኔ አልነካቸውም" አለች። "ጠዋትም፣ ማታም። አንተ እያቸው።"

"ጣቴን ሰድጄ አያለሁ።"

"ያልከውን አምናለሁ።"

ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች። ወደ በረንዳው ዞራ አላየችም።