ባለ ሦስት ጥርሷ ሐ

ሁለቱ ሙከራ አለቀ እንግዲህ፣ አንድ ቀረ፣ ስልኩ ራሱ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ እንደ ዳኛ ነግሮታል፣ አንድ ሙከራ ይቀርዎታል፣ ከተሳሳቱ ለሦስት ቀን ይዘጋል፣ ሦስት ቀን! ቁልፍ ሠሪው ከዱካው ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይስቃል፣ ምን ያድርግ፣ ዛሬ ቢቆጣ እንኳ ቁጣው ፊቱ ላይ አይቆምለትም። አያት ሆኗል። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አያት።

አማቹ ነው የደወለለት፣ አባባ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እናትየው አሁን ተኝታለች፣ ሳትተኛ በፊት ግን ፎቶዋን የቤተሰቡ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣልዎታለች፣ ይግቡና ይዩዋት። ይግቡና! እንደ ቀላል ነገር። እሺ ልጄ እገባለሁ አለ እሱም፣ ኩራት አይደል፣ የሠፈሩን በር ሁሉ የሚከፍት ሰው የራሱን ስልክ መክፈት አቃተኝ ይበል?

ሳጥን የሚሉት ስልኩ ውስጥ ያለ ቤት ነው፣ ልጁ ሆዷ ገፍቶ ልትጠይቀው የመጣች ጊዜ ያበጀችው፣ አባዬ፣ የልጄ ፊት መንገደኛ ሁሉ በጣቱ እየገፋ የሚያልፈው ነገር አይሆንም፣ የምናያት እኛ ብቻ ነን፣ የየራሳችን የይለፍ ቃል ይኖረናል፣ ያንተን ለማንም እንዳትነግር፣ ለእኔም ቢሆን፣ ወረቀት ላይ እንዳትጽፍ፣ ከስምንት ፊደል እንዳያንስ። ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እንደ ልጅነቷ ድብብቆሽ። እሱም ሳያስብ ጻፈ። አዋላጇ ይቺኑ ልጅ በጨርቅ ጠቅልላ እጁ ላይ ያኖረችለት ቀን ከአፉ ያመለጠውን ቃል፣ ፀሐዬ ወጣችልኝ፣ በጣቱ ቆጠረው፣ ልክ ስምንት፣ እግዜር የቆጠረው ነው የሚመስለው።

ቃሉ አልጠፋበትም፣ ቃሉ እንዴት ይጠፋል፣ የጠፋው ፊደሉ ነው። ለአንድ ትንፋሽ ስድስት ፊደል! ሀ አለ፣ ሃ አለ፣ ሐ አለ፣ ሓ አለ፣ ኀ አለ፣ ኃ አለ፣ ስድስቱም ሲጠሩ ያው ሃ፣ ፀ ደግሞ ሌላ መንታ አለው፣ ሌባ ቢመጣ እኮ እዚህ ፊደል ውስጥ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል፣ ይኸው ባለቤቱም ጠፍቶታል። ሦስተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው።

ጋሼ፣ ገባህ? ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ መላጫውን እንደያዘ አንገቱን በበሩ አስግጓል፣ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል መሰለኝ። አልገባሁም። እንግዲያው ቃሉን ንገረኝና እኔ ላስገባልህ፣ ምስጢር ምናምን እያልክ አትድረቅ፣ ምስጢር እኮ ድሮ ቀረ፣ ባለፈው ለሚስቴ ብቻ ፍራሽ እንቀይር ብዬ ባንሾካሹክ በማግስቱ የስልኬ ማስታወቂያ ሁሉ ፍራሽ በፍራሽ ሆነ፣ ይሰሙናል ጋሼ፣ እግዜርን ይሰሙናል። እየሰሙህ ነው? እየሰሙኝ ነዋ! ታዲያ እየሰሙህ ነው ቃሌን ላንተ የምነግርህ?

ቁልፍ ሠሪው ጉልበቱን እየመታ ይስቃል፣ ግን ያኛው መች ይተዋል፣ እሺ በቃ፣ አማችህ ፎቶውን በእኔ ስልክ ይላከው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሁለታችንም እናያታለን።

አንድ ደቂቃ። እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ ኧረ ልቡም አብሮ ይሄዳል፣ ምን አለበት፣ ጎረቤት ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ሲያመኝ ሱቄን የዘጋልኝ እሱ ነው፣ ፊቷን ሳላይ ልጸልይላትስ እንዴት ብዬ፣ ጌታ ሆይ ያቺን ፊቷን የማላውቃትን ባርክ እላለሁ? ግን ያ ስልክ የልጆቹ መጫወቻ ነው፣ የማያየው የለም፣ የገባ ሁሉ ይወጣል። ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቁልፍ ሲቀርጽ አንድ ቀን ለራሱ ትርፍ ቅጂ አላስቀረም፣ አንድ ሰውዬ ሳሙና ላይ የታተመ ቁልፍ ይዞ መጥቶ ቶሎ በልልኝ ሲለው በሩ የማን ነው አለው፣ ምን አገባህ አለ፣ በል ሳሙናህን ይዘህ ታጠብበት ብሎ አባረረው። በሩ የማን ነው። የዚህኛውስ? የእሷ ነው፣ የልጄ፣ እሷም ተኝታለች፣ የተኛ ሰው በር አይከፈትም።

አይሆንም፣ ይለዋል፣ ሂድ ሰውየውን ላጭተህ ጨርስ፣ ግማሽ ራሱን በርዶታል።

አሁን በረጋ መንፈስ። ዛሬ ጠዋት የፋርማሲዋን ሴትዮ በር ሲከፍት የተጣደፈችው እሷ ነበረች፣ እሱ አይደለም፣ ቁልፏን ጠረጴዛ ላይ ትታ በሩን ስባ ዘግታው፣ በመስኮት ይታያል፣ ያው እዚያ ቁጭ ብሏል፣ ቁልፉ ውስጥ ሴትዮዋ ውጭ፣ አባባ ቶሎ በሉልኝ ስትለው አይዞሽ ልጄ፣ በር ሲጣደፉበት ይኮራል አላት። እስቲ ለራስህ ንገረው አንተ ሰው።

መጀመሪያ የሞከረው በጸሎቱ ጸ ነው፣ እጁ የለመዳት እሷን ነዋ፣ ቀይ በራ። ሁለተኛ ልጁ ያስተማረችው ትዝ አለው፣ ትንሽ ሆና እዚህችው ባንኮኒ ላይ፣ ያልተቀረጹ ቁልፎች መሀል እግሯን እያወዛወዘች፣ አባዬ፣ ይሄኛው ፀሐዩ ፀ ነው፣ ክብ ነው አየህ፣ ፀሐይ ክብ አይደለች? ክብ ናት ልጄ። በክቡ ሞከረ፣ ደግሞ ቀይ። እንግዲያው ሀ ነው ጥፋቱ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያዋን ሀ ነው የጻፈው፣ ማሽኑ የተማረ ነው ብሎ፣ ለተማረ እንደተማረ ልጻፍለት ብሎ፣ ሞኝ! ያን ቀን እኮ የጻፍከው ለማሽን አይደለም፣ ለራስህ ነው፣ በራስህ እጅ፣ የራስህ እጅ ሃን የሚጽፈው በየቱ ነው?

ቀና ይላል። በሩ ላይ ካርቶኑ ተንጠልጥሏል፣ ሱቁ ክፍት ሲሆን ፊቱን ወደ ውስጥ የሚያዞረው፣ ለጸሎት ወጥቻለሁ፣ ከሐያ ደቂቃ በኋላ እመለሳለሁ። ሐያ። በዚያች በሐመሩ ሐ። ጸጉር አስተካካዩ ስንት ዓመት የሳቀባት፣ ጋሼ ሃያ እንዲህ አይጻፍም እያለ፣ እሱ ግን ወዷት ነው፣ ያኔ ልጁ ፊደሎቹን ስታሳየው ይቺ ቁልፍ ናት ብሎ ጮኾ፣ ተመልከቺ ሦስት ጥርስ አላት፣ ልጅቱ ከባንኮኒው እስክትወድቅ ስቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሃ ሁሉ ለእሱ ባለ ሦስት ጥርስ።

ዓይኑን ይጨፍናል፣ በር ሊከፍት ሲል ሁሌ እንደሚያደርገው። ጌታ ሆይ፣ አንተ የይለፍ ቃል ሳትጠይቀኝ ነው የምታስገባኝ፣ ይሄኛው ግን ይጠይቃል፣ አደራ።

ክቧ ፀ። ባለ ሦስት ጥርሷ ሐ። ዬ፣ ወ፣ ጣ፣ ች፣ ል፣ ኝ።

ድምፅ የለውም። በር ሲከፈት ቀጭ ይላል፣ ይሄ ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ አለች፣ ቀይ፣ ጭብጥ የምታህል፣ ግንባሯን እንደ ሽማግሌ ቋጥራ፣ አንድ እጇን ጆሮዋ ሥር አድርጋ፣ ልክ እሱ የቁልፍ ጉድጓድ ሲያዳምጥ እንደሚሆነው፣ ኧረ የኔ እናት፣ ኧረ ባለሙያዬ፣ እንባው ስልኩ ላይ ጠብ ሲል ፎቶው ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ጽሑፍ አለ፣ ልጁ የጻፈችው፣ አንዲት መስመር።

ፀሐዬ ወጣችልኝ።

ያ ቃል! ዕድሜዋን ሙሉ ሲነግራት የኖረውን፣ በክቧ፣ በባለ ሦስት ጥርሷ፣ እንዳለ። ቁልፉ ውስጥ ነበር እኮ፣ ልክ እንደ ፋርማሲዋ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሱ ውጭ ሲደነባበር፣ ሳቁ ከየት እንደመጣ አያውቀውም፣ ሱቁን ይሞላዋል፣ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ሁሉ አብረው የሚንሿሹ ይመስለዋል፣ ጸጉር አስተካካዩ እየሮጠ ይመጣል፣ ግማሽ የተላጨውም ፎጣውን እንዳንጠለጠለ ከኋላው፣ ምንድነው፣ ገባህ እንዴ፣ ማንን ትመስላለች፣ አሳየን እንጂ ጋሼ!

ስልኩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል። በሩ የኔ አይደለም፣ ባለቤቷ ስትነቃ አስፈቅድላችኋለሁ። ይሄ ሰውዬ አበደ! አዎ አብጃለሁ፣ ሂዱ።

መቀየር አለበት እንግዲህ ቃሉን፣ ሳጥን ውስጥ ላለው ሁሉ ተነቦ የለ፣ አማቹ አይቶታል፣ የአማቹ እናት አይታዋለች፣ ግን ቁልፍ መሆኑን ማን ያውቃል፣ ይነበብ፣ ቁልፍ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም፣ ደግሞ ሌላ ምን ብዬ ልጽፍ ነው ዛሬ፣ ሌላ ምን ቃል አለኝ፣ አልቀይረውም፣ ደረቱ ላይ ይሞቀዋል ስልኩ፣ እስቲ አንዴ ደግሞ ልያት፣ እስቲ አንዴ