ያለቦታው የወጣ አሚን

በሺር መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔ ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ የማይክራፎኑ ሽቦ እግሩን እንዳይጠልፈው እጠብቃለሁ። እሱ የሚያወራው ስለ መነጽሩ ነው፣ ስለ ባትሪ ድንጋዩ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ እኔ ስላደረግሁት ነው። ፍርሃቱን ግን ይዘለዋል። ፍርሃቱ የእኔ ስለነበር እኔው ልጻፈው ብዬ ደብተር ገዛሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ የቀረውን ያገኘሁት ከመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሱኝ።

ስሜ ዘይቱና ይባላል። በሺር የልጄ የአብዱልወሀብ ልጅ ነው። እናቱ እሱን በወለደች በአርባ ቀኗ ሞተች። አብዱልወሀብ መምህር ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበሮች ወደሱ የሚዞሩለት። በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ቀን እዚያው ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ስብሰባ የሆነ ቀልድ ተናገረ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ ነው» ብለው ወሰዱት። ጃኬቱን እንኳን አልደረበም። ቀልዱ ምን እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም፤ ያኔ የሰማው ሰው ሁሉ ረስቼዋለሁ ይላል።

ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ሳቅ ሲመጣ መስኮት እዘጋ ነበር።

በሺር በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ በሰባ አራት መሆኑ ነው፣ ቀጭን ነበር፤ ነፋስ ይወስደዋል ብዬ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ልጨምርለት የሚያምረኝ ዓይነት። መነጽሩ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ታስሯል። የሰፈሩን ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ሁሉ እየለቀመ ነፍስ ይዘራል ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ለፀሐይ ያሰጣዋል። ስለዚህ ስሙ ቀርቶ «ባትሪ» ተባለ። ደብተር ነበረችው፤ እዚያ ላይ ጉም ይመዘግባል። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲነሳ ቤቶቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ነው የሚወርደው። ቀድሞ ዛፉ ይሄዳል፣ ከዚያ የጎረቤት አጥር፣ ከዚያ የገዛ ደጃፍሽ። በሺር ደጃፉ ላይ ቆሞ ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ስንት ሰዓት እንደለቀቀ ይጽፋል።

«ባትሪ! ኳስ አትጫወትም?» ይሉታል የሆጤ ሰፈር ልጆች።

«ቆዩ፣ ጉሙ እናንተ ሰፈር ደርሷል። እኔ ጋ ለመድረስ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።»

«ኧረ አለቀ ይሄ ልጅ! ፀሐይ ላይ አስጡት!»

እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጉም የሚቆጥር ልጅ ማን ያስራል እል ነበር። ጠዋት ጠዋት በጉሙ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጀርባው ቀስ እያለ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ የጫማው ድምፅ ብቻ ይቀራል። እኔም ድምፁ እስኪያልቅ ከደጄ አልንቀሳቀስም። አንዳንዴ የሁለት ሰው ኮቴ ይመስለኝ ነበር፤ አባቱ አብሮት የሚሄድ።

አንድ ቀን አልጋውን ሳነጥፍ ደብተሯን ከፈትኳት። የጉሙን ገጾች አልፌ ስሄድ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

«የእሁድ ስብሰባ። ጓድ ደጉ። ከዚህ አንጻር፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። በመሆኑም፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ይውደም፣ አርባ ጊዜ። የተኛ ሰው፣ አሥራ ሁለት፤ እማን ጨምሮ።»

ጓድ ደጉ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። በሺር ሲመጣ ደብተሯን ጭኔ ላይ አገኛት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቁጥር ነው፣ እማ።»

«ቁጥር ነው እማ! አባትህን የወሰደው ምን ይመስልሃል?»

«አባዬ ተናገረ። እኔ አልተናገርኩም፣ ጻፍኩ እንጂ።»

«ትናገራለህ። አፍህ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እዚህ ሆኜ ይታየኛል።»

«እማ ደግሞ፣ አንቺ እኮ በእውነት ተኝተሽ ነበር።»

«ያ ረቢ! እኔ የምለው ሌላ፣ እሱ የሚለው ሌላ!»

ደብተሯን ወደ እሳት ወሰድኳት። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ቁርአን ቤት እንዳስተማሩት በየገጹ አናት ላይ በአረብኛ ቢስሚላህ ጽፎበታል፤ በጓድ ደጉ ገጽ ላይ ሳይቀር። የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት እንዴት እሳት ውስጥ እከታለሁ? ሽንት ቤት መጣልማ አይታሰብም። ቤት እንዳልተዋት ፍተሻ አለ። ምን ላድርግ፣ መቀነቴ ውስጥ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አሰርኳት። ከዚያ ልጁን አስቀመጥኩና አስማልኩት።

«ከተጠየቅሁት በላይ አንዲት ቃል በሰው ፊት አልናገርም በል።»

«አልናገርም።»

«ወላሂ በል።»

ወደ አባቱ ጃኬት ተመለከተና «ወላሂ» አለ።

በዚያው ሳምንት የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ነበራቸው። ኮምቦልቻ በዓል አለ፣ ትልቅ አዳራሽ ተዘጋጅቷል፣ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል ተባለ። የሰማዩን ነገር የሚመልስ በሺር ብቻ ስለሆነ መምህርት የኔነሽ መረጠችው። እኔም ጎረቤቴን ሐዋን አስከትዬ አውቶቡሱ ላይ ተገኘሁ።

«እማማ ዘይቱና፣ እርስዎም ይሄዳሉ እንዴ?» አለች መምህርቷ።

«ልጁን ብርድ ይመታዋል።»

«ኮምቦልቻ እኮ ሙቀት ነው!»

«እንግዲያው ሙቀት ይመታዋል።»

አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲይዝ ጉም ውስጥ ገባን። በመስኮቱ ምንም አይታይም፤ አየር ላይ የምንሄድ ነው የሚመስለው። ከዚያ ድንገት ጉሙ ከላያችን ቀረና ኮምቦልቻ ከታች ብልጭ አለች፤ ሜዳዋ ቢጫ፣ ቆርቆሮዋ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው በሕልሙ የሚያያት ከተማ። ሻርፔን ፈታሁ። በሺር ፊት ወንበር ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ፕላኔቶቹን እያጠና መስሎኝ ዱዓ አደረግሁለት።

አዳራሹ ሞልቷል። ተወዳዳሪዎቹ መድረኩ ላይ በሁለት ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ከፊት መስመር መሐል ላይ ከክፍለ ሀገር የመጡት እንግዳ፣ ሪዛም ኮሎኔል፣ እጃቸውን አጣጥፈዋል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ከእኛ ጋር የመጣው ጓድ ደጉ ደሴን ወክሎ ንግግር ያደርጋል ተባለ። ጀመረ። ከዚህ አንጻር አለ። በመሆኑም አለ። በየመሐሉ ግራ እጁን ያነሳና «ኢምፔሪያሊዝም!» ሲል ሕዝቡ «ይውደም!» ይላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወረደብኝ። ደብተሯ ሆዴ ላይ ሞቀች። ዓይኔን ለአፍታ ልክደን አልኩ።

ኩታበር ነበርኩ፣ አባቴ ቤት። ወዳጃ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ መንገድ ለሄደው ዱዓ የሚያደርግበት። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ጉያ ውስጥ ሆኜ የአባቴን ድምፅ እሰማለሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ይቀበለዋል። በሩ አጠገብ አብዱልወሀብ ቆሟል። ጃኬቱን ለብሷል። «እማ፣ አባባ ሲጨርስ ተቀበይው እንጂ፣ ዝም ትያለሽ?» አለኝ። የአባቴ ድምፅ ከፍ አለ። ይውደም የሚል ነገር ሰማሁ። ክፉ ነገር ይጥፋ ማለቱ ነው ብዬ ሁለት መዳፌን ዘረጋሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ፦

«አሚን!»

ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ፀጥ ብሏል። ግን ፀጥታው ሙሉ አልነበረም። አጠገቤ ሐዋ፣ እሷም ስታንቀላፋ የነበረች፣ መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች «አሚን፣ ያ ረብ» አሉ። ወሎ ነው እንግዲህ፤ አንዱ አሚን ካለ ሌላው ማንን ይጠብቃል? እስከ በሩ ድረስ ሄደ፤ አሚን፣ አሚን፣ እንደ ውሃ። የጓድ ደጉ ግራ እጅ አየር ላይ እንደተነሳ ቀረ።

«ማነው?» አለ። «ይህን ፌዝ የጀመረው ማነው?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ተነሳሁ። እጄን መቀነቴ ላይ አደረግሁ፤ እዚያ ውስጥ የእሱ ሠላሳ አንድ አንጻሮች አሉ። እንዳይፈትሹኝ ብቻ፣ ጽሕፈቱን እንዳያውቁት ብቻ።

«እናት፣ እዚህ የመጡት ለፀሎት ነው?»

መቀነቴን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ። ሁለት ጥበቃዎች ከግድግዳው ተነስተው ወደኔ መራመድ ሲጀምሩ መድረኩ ላይ ወንበር ተንኳኳ።

«ጓድ፣ ይቅርታ፣» አለ በሺር።

በልቤ፣ ዝም በል አልኩት። ወላሂ ብለሃል፣ ማንም አልጠየቀህም። እሱ መነጽሩን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገ። 

«አያቴ ናቸው። ፌዝ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ያልነው አርባ ሁለት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እስካሁን ግን አልወደመም። እሳቸው ደግሞ ወሎዬ ናቸው። ሰው አርባ ሁለት ጊዜ ሲመኝ ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም። አሚን ያሉት ቶሎ እንዲደርስልን ነው፣ ጓድ። አግዘውን ነው።»

 ጥበቃዎቹ ቆሙ። ልጁ እንደ አባቱ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል፤ ያን ጊዜ ነው አብዱልወሀብን ሻይ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሰሙት የገባኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሻይ ቤት ያልወጣሁ መሰለኝ።

ከፊት መስመር አንድ ነገር ፈነዳ። ኮሎኔሉ ናቸው፤ ሪዛቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ። እሳቸው ሲስቁ አዳራሹ ተፈታ። ሐዋ ትከሻዬ ላይ ወድቃ ሳቀች። ጓድ ደጉ ግራና ቀኝ አየ፤ በመጨረሻ ጥርሱን ገለጥ አደረገ።

«ደጉ፣ ቀጥል!» አሉ ኮሎኔሉ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «አርባ ሦስተኛውን በል፣ ሴትዮዋ ያግዙሃል!»

አላገዝኩትም። የሻርፔን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ቁጭ አልኩ።

በሺር ውድድሩን ተሸነፈ። ለመሬት ከሁሉም ቅርብ የሆነችው ኮከብ ማን ናት ሲሉት «ጨረቃ» አለ። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ፀሐይ ናት ብሎ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው! የነበረውን ጉልበት ሁሉ እኔ ላይ ጨርሶት ነው። መምህርት የኔነሽ አልተቆጣችውም፤ ብርጭቆ ውሃ ይዛለት ቆመች።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጉሙ እንደገና ዋጠን። አጠገቤ አስቀምጬ እጁን ያዝኩት።

«መሐላህን አፈረስክ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«አባትህም እንዲህ ነበር የሚናገረው?»

«እኔ እንጃ። አንቺ አትነግሪኝም እኮ።»

 እኚያ ኮሎኔል ባይስቁ ኖሮ ሁለት ጃኬት ነበር ከበሩ ጀርባ የሚቀረው፤ በሺር ዝም ብሎ ቢሆን ደግሞ የእኔ ሻርፕ። መቀነቴን ፈታሁና ደብተሯን ሰጠሁት። ከዚያ ሰፈራችን እስክንደርስ ስለ አብዱልወሀብ ነገርኩት፤ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበሮች እንዴት ይዞሩ እንደነበር።

ወላሂ ብሎ ያፈረሰ አሥር ድሃ ያበላል፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። አሥር ሰው የምናበላበት አቅም አልነበረንም። ያስማልኩት እኔ ስለሆንኩ አብሬው ጾምኩ። በሦስተኛው ቀን ማፍጠሪያው ሲቃረብ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጁን፣ አጥሩን፣ ሰማዩን ጠቅልሎ ወሰደው። አዛኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ እንኳን አይለይም። ፀሐይ ትጥለቅ አትጥለቅ በምን ይታወቃል? በሺር የአባቱን ጃኬት ደርቦ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል። ደብተሯን ገልጦ ትናንት የጻፈውን የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት አየ።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቷታል፣ እማ።»

«አትታይም እኮ፣ እንዴት አወቅህ?»

«ከጉሙ ጀርባ አለች። ቆጥሬ ነው የማውቃት።» ቴምሩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ለመሬት ከሁሉም ቅርብ የሆነችው ኮከብ ናት። ዛሬ ደርሶ ትዝ አለኝ።»

ሳቅኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ልዘጋው አልተነሳሁም።

ሁለቱ ደቂቃ ሞላ። እሱ ቢስሚላህ ብሎ ቴምሩን ጎረሰ። እኔ ምናልባት ተሳስቶ ቢሆንስ ብዬ አምስት ደቂቃ ጨምሬ ጠበቅሁ። ይህንንም መድረክ ላይ ያወራዋል፤ ይቺ ወሬው እንኳን እውነት ናት።