የተወቀጠው ፍሬ

«ያዢው፣ ይወድቃል» አሉ መሪጌታ ክንፈሚካኤል፣ ባጃጁ ከቡሬ ዋናው መንገድ ወደ ጤና ጣቢያው ሲታጠፍ። ደረሰ የሚባለው ልጃቸው በሚስቱ በያምሮት ጭን ላይ ተጋድሞ ከአየር ላይ የማይታይ ክር ይለቅማል። ቆዳው ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። ቅድም አባቱን «አንተ ማነህ?» ብሏቸዋል።

የጤና መኮንኗ ሕሊና ዓይኑን ገልጣ አየች፤ የልብ ምቱን ለካች።

«ምን ወሰደ?»

«ጥርሱን አሞት ነበር» አለች ያምሮት።

«ለጥርሱስ ምን ወሰደ?»

ያምሮት ወደ አማቷ ተመለከተች። ትናንት የሰጡትን ፍሬ ማንም እንዳይለየው አድቅቀው ወቅጠው በወረቀት የጠቀለሉት ራሳቸው ናቸው። ስሙን ላለመናገር ለመምህራቸው በግዝት ቃል ከገቡ አርባ ዓመት አልፏል፤ ስሙ ከተጠራ ፈውሱ ይጠፋል ተብለው ነው የተማሩት። ስንቱ ሰው ፍሬውን ታጥኖ በጢሱ ብቻ ተሽሎት መርቋቸዋል። እንዲህ የሆነ ግን አላዩም።

«የአገር መድኃኒት ነው» አሉ። «የሚታጠን ነው። ጢስ ይህን አያደርግም።»

«ስሙን ይንገሩኝ፣ አባ። ሳላውቅ መርፌ ብወጋው ልጎዳው እችላለሁ። ልቡ በጣም እየሮጠ ነው።»

«ግዝት አለብኝ፣ ልጄ።»

ያምሮት ማልቀስ ጀመረች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጢሱ አላስታግስ ሲለው ዛሬ ጠዋት የተረፈውን አፍልቼ አጠጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን እንደሆነ መች አወቅሁ?»

መሪጌታ ግድግዳውን ተደገፉ። ደረሰ አልጋው ላይ ሆኖ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል።

«አስተናግር ነው» አሉ በመጨረሻ። «የአስተናግር ፍሬ። አንድ ማንኪያ ይሆናል።»

ያምሮት አፏን በነጠላዋ ያዘች። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን፣ ያሳብዳል እያለች ልጆቿን የምትከለክለውን ነው በእጇ ያፈላችው። ስሙን ብትሰማ ኖሮ እሳት ላይ አትጥደውም ነበር። ይህ ለመሪጌታም ገባቸው፤ ከግዝቱ ይልቅ ይህ አስፈራቸው።

ሕሊና መርፌውን ወጋችው፤ ግሉኮስ ሰቀለችለት። «ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ አለበት። ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ግን አሁን ምን እንደምናክም አውቀናል።»

አምቡላንሱ ሞተሩን አስነሳ። ያምሮት ከባሏ አጠገብ ሆና እጇን ዘረጋችላቸው።

«ይግቡ እንጂ፣ አባባ።»

መሪጌታ አንድ እግራቸውን አንስተው ቆሙ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለጎረቤታቸው ለባንቺአየሁ ያንኑ ፍሬ ስሙን ሳይነግሯት ጠቅልለው ሰጥተዋታል። የምታጠባ እናት ናት፤ ስልክ የላትም። ልጃቸው ደግሞ እሳቸው ሳይደርሱለት ሊሞት ይችላል።

«ባንቺአየሁ ዘንድ ደርሼ ስሙን ልንገራት» አሉ። «እናንተ ሂዱ።»

የአምቡላንሱን በር በገዛ እጃቸው ዘጉት።