ቁልቁለቱ

የቀድሞ ሚስቴን ያገባት ሰው መኪና መንዳት የሚማረው ከእኔ ነው። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። "ጋሼ" ይለኛል። የሚለብሰውን ሹራብ እሷ ለእኔ ብላ ነበር መሥራት የጀመረችው።

አንድ ወር ሙሉ ሜዳ ለሜዳ አዞርኩት። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ ካልተወረደ ፍሬን ግሎ እምቢ እንደሚል ግን አልነገርኩትም። መጀመሪያ ረስቼው ነበር። ኋላ ትዝ እያለኝ ዝም አልኩ።

ዛሬ ትምህርቱን ጨረሰ።

"ቅዳሜ ባለቤቴን እናቷ ጋ ይዣት እሄዳለሁ" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

የድሮ አማቴ ቤት ከተማችን ካለችበት ተራራ ግርጌ ነው፤ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

"ጋሼ፣ ቁልቁለቱ አያስቸግረኝም?"

"ምን ያስቸግርሃል? ፍሬንህን ረግጠህ መውረድ ነው" አልኩትና የማጠናቀቂያ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩለት።