ፀሐይ ላይ የሚተኛው ዳማ

ባየልኝ ኮኪት ያለውን እርሻውን ለወንድሙ ልጅ ለደረበ የእኩል ሰጥቶ መተማ ዮሐንስ ቤት ሲከራይ፣ ይዞት የመጣው ዕቃ ብዙ አልነበረም። አንድ የብረት ሳጥን፣ አንድ የጠፍር አልጋ፣ ከኋላው ደግሞ ዳማ የሚባል ውሻ። ሚስቱ አየሁሽ ከሞተች አራት ወር ሆኗት ነበር። የሁለታቸውን ማሳ ብቻውን እያየ መኖር አቅቶት ነው ከተማ የገባ።

ውሻውን ዳማ ያለችው እሷ ነበረች። ቡችላ ሳለ ፀጉሩ ጠቆር ያለ ቀይ ስለነበር ፈረስ ቢሆን ዳማ ነበር የሚባል ብላ ስሙን አወጣችለት። ከደጃፍ አታሳልፈውም፤ ግን ከሰው ሁሉ በፊት የሚበላው እሱ ነበር። ማሽላው ሲያሽት ከርከሮ የመጣ እንደሆነ ዳማ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ያባርር ነበር።

ከተማ በገቡ በሁለተኛው ዓመት ዳማ ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮውን፣ ቀጥሎ ሆዱን፣ በኋላ በግድግዳው እየተሻሸ ጎኑን ሁሉ አቆሰለው። ፀጉሩ ከጎንና ከጎኑ ረግፎ ቆዳው ጥቁር ሆነ፤ ጭራው ተመልጦ ገመድ መሰለ። ባየልኝ እከክ ነው ብሎ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቶ ቀባው። ሰውም የመከረው እንዲሁ ነበር። ውሻው ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ፤ ቁስሉም ባሰበት። አንድ መርፌም አስወጋው፤ ለውጥ የለም። የሚበላው ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰውነቱ እየወፈረ፣ ሲጠሩት ራሱን ቀና አድርጎ መልሶ የሚተኛ ሆነ።

በግቢው አብራው የምትኖረው ዘሀቢያ ኬላው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ብዙ ታግሣለች። አንድ ቀን ግን ልጆቿ ከውሻው ጋር እየተጫወቱ በሽታው እንዳይጋባባቸው መፍራቷን፣ እሱን ማስቀየም እንደማትፈልግ፣ ነገር ግን አንድ ነገር ቢያደርግ ደስ እንደሚላት ነገረችው። ባየልኝ አልተቆጣም። ልክ ነሽ አላት።

በማግስቱ ለደረበ ደወለ። ደረበ ጠመንጃ አለው። ዳማ የሚሞት ከሆነ ባደገበት መሬት ይሙት ብሎ አሰበና፣ ውሻውን ባዶ ሰሊጥ ጆንያ ላይ አስተኝቶ ወደ ኮኪት በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫነው። መንገዱን ሙሉ እጁን ከውሻው ራስ ላይ አላነሣም።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ኮኪት ሲደርሱ እኩለ ቀን ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተሰብስቧል፤ አህያ እንኳ ከግድግዳ ሥር ተጠግታ ቆማለች። ባየልኝ ደረበ እስኪመጣ ከአንድ ቁርቁራ ሥር ተቀመጠ። እዚያው ጥላ ሥር ጠዋት ከብት ስትከትብ የዋለች የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ ትበላለች። ብሌን ትባላለች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ዳማ ከጌታው አጠገብ ተነሥቶ፣ እየጎተተ ሄዶ፣ የሚያቃጥለው ፀሐይ መሀል ተኛ።

ብሌን እንጀራዋን እንደያዘች ውሻውን አየችው።

"አባቴ፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው የሚመርጥ?" አለች።

"አዎ፤ ካመመው ወዲህ ይበርደዋል መሰለኝ። እኔም ገርሞኛል።"

እጇን ታጥባ ተነሣች። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ አየች፣ ጭራውን አየች፣ ልቡን በማዳመጫዋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደወፈረ ጠየቀችው። ከዚያ የት እየወሰደው እንደሆነ ጠየቀችው። ባየልኝ ደረበ በሚመጣበት በኩል አየ። በዚያው ደረበ ጠመንጃውን አንግቶ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ፤ እሷም ገባት።

"አንድ ሳምንት ይስጡኝ" አለችው። "ይህ እከክ ብቻ አይመስለኝም።"

ከቆዳው ላይ ፍቃ በአጉሊ መነጽር ስታየው የእከክ ተባይ አላገኘችም። ደም ቀድታ በበረዶ ሳጥን ወደ ጎንደር ላከች። ባየልኝ ውሻውን ይዞ ወደ መተማ ተመለሰ። በስምንተኛው ቀን ስልክ ደውላ፣ ሕመሙ ከአንገቱ እጢ፣ ሰው ላይ እንቅርት ከሚወጣበት ከታይሮይድ እንደሆነ ነገረችው። እጢው ሲደክም ገላው ሙቀት ያጣል፤ ፀጉር ይረግፋል፤ የደከመው ቆዳ ላይ ጀርምና ቁንጫ ይሰለጥንበታል፤ የሚያሳክከው እሱ ነው አለችው። በማንም ላይ የሚጋባ አይደለም። ይድናል ወይ ቢላት፣ እንክብሉን ዕድሜ ልኩን ከወሰደ ደህና ይኖራል አለች። የመድኃኒቱንም ስም ነገረችው።

ባየልኝ ስሙን ራሱ ደገመው።

"ይህን መድኃኒት አውቀዋለሁ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት ወስዳዋለች። የተረፋትም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ መጣል አቅቶኝ።"

ብሌን ቀስ ብላ፣ እሱን እንዳይሰጠው፣ ጊዜው ያለፈ መሆኑን፣ የውሻ መጠኑም ሌላ እንደሆነ አስረዳችው።

አየሁሽ ከጎጃም የመጣች ናት። እንቅርቷን ጎንደር አስወጥታ ስትመለስ ሐኪሞቹ በየማለዳው በባዶ ሆዷ አንዲት እንክብል እንድትውጥ፣ ከዚያም ምግብ ሳትቀምስ እንድትቆይ አዘዋት ነበር። ባየልኝ እሷ ሳትበላ አልበላም አለ። ስለዚህ በየማለዳው ከጎጇቸው ደጅ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ትራክተር ሳይነሣ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። እሷ የልጅነት አገሯን ወንዝ ታወራለች፤ እሱ ሰሊጡን ያያል። አንዳንድ ቀን ቃል ሳይወጣቸው ጊዜው ያልፋል። ያን ጊዜ እንክብሉ ያመጣባቸው ጣጣ እንጂ ሌላ አይመስለውም ነበር። አሁን ከሠላሳ ዓመት ትዳሩ መርጦ መልስ ቢሉት የሚመልሰው ያንን ሰዓት ነው።

የዳማም እንክብል ጠዋትና ማታ በባዶ ሆዱ የሚሰጥ ነበር። ባየልኝ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፣ እንክብሉን ከውሻው ምላስ ኋላ አድርጎ አፉን ይዞ ያስውጠዋል፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት እስኪሞላ ለውሻውም ለራሱም ምንም አይቀርብም። መጀመሪያ ሰሞን ያ ሰዓት ይከብደው ነበር። ውሎ አድሮ ይናፍቀው ጀመር።

በሳምንት ሁለት ቀን ሐኪሟ በላከችው ሻምፑ ያጥበዋል። አረፋው ቆዳው ላይ አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብሎ ይለቀለቃል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። በወር አንድ ጊዜ የቁንጫና የመዥገር ጠብታ ማጅራቱ ላይ ያደርግለታል። የተቃጠለ ዘይት ነገር አበቃ። በሦስተኛው እጥበት ቀን ዘሀቢያ ከሥራ ስትገባ፣ ባየልኝ አንድ እጁ ውሻ፣ አንድ እጁ ጆግ ይዞ ሲታገል አየችው። ነጠላዋን አስቀምጣ ጆጉን ተቀበለችው።

"እርስዎ ይያዙት፣ እኔ ላፍስስ" አለች።

ከዚያ ወዲህ በእጥበት ቀን ሳይጠራት ትመጣለች። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ። ማከኩ ቀነሰ። በሁለተኛው ወር ዳማ ከዘሀቢያ ልጆች ኋላ እስከ በር ድረስ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ጎኑ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ነገር በቀለ፤ ባየልኝ ሲያየው ቀዩ ተመልሷል። ደም ደግመው ሲመረምሩ ብሌን መጠኑን ትንሽ ከፍ አደረገችው። ጭራው ግን እስከዛሬም ሙሉ ፀጉር አላወጣም።

በመስከረም መጨረሻ ደረበ ደወለ። ሰሊጡ ደርሷል፤ አጫጆች ከደጋ ገብተዋል፤ አጎቴ መጥተህ እይልኝ አለው። ባየልኝ ከተማ ከገባ ወዲህ ማሳውን አይቶ አያውቅም። እንክብሉን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ዳማን አስከትሎ ሄደ። ግማሹ ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚሉት የነዶ ክምር በየቦታው ራስ ለራስ ተደግፎ ቆሟል። ደረበ ውሻውን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን እንኳን ዘገየሁ አለ።

ባየልኝ በዚያው ቀን ሊመለስ ነበር፤ ግን አደረ። ማለዳ እንክብሉን ሰጥቶ ከሠራተኞቹ ዳስ ፊት ሲቀመጥ፣ ሰጠኝ የሚባል አንድ አጫጅ ቁራሽ ይዞ ወጣና ውሻውን እያናገረ ሊጥልለት እጁን ዘረጋ። ባየልኝ ገና ነው፣ መድኃኒት ወስዷል፣ ትንሽ ይቆያል አለው። አነጋገሩን ሰምቶም አገሩን ጠየቀው። ሰጠኝ የነገረው ቀበሌ አየሁሽ ታወራለት ከነበረው ወንዝ ማዶ ነው።

ባየልኝ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ለማንም በወጉ አውርቶ አያውቅም ነበር።

"ከዚያ አገር የመጣች ሚስት ነበረችኝ" አለ።

ሰጠኝ ቁራሹን ኪሱ ከተተና አጠገቡ ተቀመጠ። ባየልኝ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ገበያ ላይ እንዴት እንዳያት፣ በረሃውን እንዴት እንደፈራችው፣ በኋላም እንዴት እንደወደደችው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን አንሥተው ወደ ማሳው ወረዱ፤ ደረበ ከሩቅ ሰጠኝን ቢጠራው ባየልኝ ትንሽ ይቆይ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠውና ወሬውን ቀጠለ።