ክብደት የለመደ ሰው

ደብሪቱ ባሏን ወርቁን ከጣሊያን የሸሸገችው ከፍየሎቹ በረት ስር ባለው ባዶ የማሽላ ጉድጓድ ነበር። ወርቁ አንድ ባንዳ አቁስሎ ይፈለጋል፤ በዚህ በተራቆተ የይፋት ቆላ ወዴት ይሸሽ? አስገባችውና ክዳኑን ፍግ አለበሰችው። እንዳይታፈን ክንድ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተወች፤ በዚያች ቆሎና ውሃ ታወርድለታለች። ለሳምንት ብላ ነበር። ጣሊያን ግን፣ አያድርስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ተጎለተ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሲመሽ እየወጣ ይንጎራደድ ነበር። ኋላ መውጣቱን ተወው። ምግቡም ከእፍኝ ወደ ቁንጥር ወረደ። ስትጠራው መልስ እስኪሰጣት አንዷን ፍየል አልባ ትጨርስ ነበር። እጇን ስትሰድ የሚነካት ጣት ቀዝቃዛና ልስልስ ያለ ነው፤ አጥንት ያለው አይመስልም። ፈራች። የገዛ ባሏን ፈራች!

አንድ የገበያ ቀን ሸዋ ሮቢት ጨው ልትገዛ ወረደች። ነጋዴው ሳልህ በወጣትነቱ ምጽዋ ከሉል ጠላቂዎች ጋር ሠርቷል፤ ወሬ ይወዳል፤ የሷን ጉድ ግን አያውቅም።

«ከባሕሩ ሆድ፣ ፀሐይ ከማትደርስበት፣ የሚኖር ዓሣ አለ እህቴ» አላት። «አይሯሯጥም። አፉን ከፍቶ ከላይ የሚረግፈውን ትርፍራፊ ይጠብቃል። ወር ቢጾም ግድ የለውም። ሥጋው ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ የባሕር ክብደት አይሰብረውም።»

«ቢያወጡትስ ጋሼ ሳልህ?» አለች።

«በድንገት ከጎተትሽውማ አብጦ ይሞታል። ክብደቱ ነው ለካ ደግፎ የያዘው!»

ጣሊያን ወጣ። አገሩ በእልልታ ሲናጥ ደብሪቱ ክዳኑን በቀን አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ብቻ ታነሳው ጀመር። ባሏን በሕይወት ማውጣት ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም።

በስድስተኛው ቀን የወርቁ ታናሽ ወንድም ወልደማርያም ከአርበኞቹ ተመለሰ። ምስጢሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። በጠራራ ፀሐይ ገመድ ይዞ በረቱ ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ ምን ነካዎ? ወንድሜ እንደተቀበረ ይቅር?»

«ቀስ በል በማርያም! አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ!» ብላ ክዳኑ ላይ ተቀመጠች። አንስቶ ወደ ጎን አኖራትና ክዳኑን ገለበጠው። ብርሃኑ ታች ሲደርስ አንድ ነጭ ነገር ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ወርቁ! እኔ ነኝ! ወገብህን እሰር!»

ገመዱን አወረደለት። ቆይቶ ገመዱ ሁለቴ ተነቀነቀ። ወልደማርያም እየሳቀ፣ እያለቀሰ ጎተተ፤ ከልክ በላይ ቀለለው። የወጣው የወርቁ ጋቢ ነበር፤ ውስጡ ቀበቶውና ማተቡ በሥርዓት ተቋጥረዋል።

ከታች አንድ የሳሳ ድምፅ መጣ።

«ወርቁ ያውላችሁ፤ ውሰዱት። ክዳኑን መልሱልኝ፤ ብርሃኑ እያሳበጠኝ ነው።»

ወልደማርያም ጋቢውን አቅፎ ተንበረከከ። ከዚያ ልውረድ ብሎ እግሩን ሲሰድ ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው። አልቅሳ ጨርሳ ነበር።

«አንተ ወንድምህን አግኝተሃል። ውሰድና ቅበረው፤ አልቅስለት። የኔ ባል ግን ገና ምሳውን አልበላም» አለችና ክዳኑን ልትመልሰው አነሳች።