የባለ ጃንጥላው ጀርባ

ጉለሌ ላይ የእሁድ ከሰዓት ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ልብሱን ከገመድ ለማንሳት ይሮጣል፤ የዓለምወርቅ ግን ደስ ይላታል። ቆርቆሮው ከተንጫጫ ጃዝ ከቤት አይወጣም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ከማርሽ በቀር ሙዚቃ ሁሉ የኢምፔሪያሊስት ቅራሪ ነው። ስለዚህ ድምፅ ማጉያው ላይ ወፍራም የሽሮ ሜዳ ጋቢ ይጣልበታል። ዝናብ ሲጨመርበትማ እሰየው!

ወዳጆቹ አራት ነበሩ፤ የባቡር ጡረተኛው ጋሼ ስብሐት፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ቶሎሳ፣ የዓለምወርቅና ባሏ መዝገቡ። የጃዙን በሽታ ያመጣባቸው መዝገቡ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አስመራ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የጦር ሰፈሩ አሜሪካኖች ጥለዋቸው ከሄዱት የሙዚቃ ሸክላዎች አንድ ሁለቱን በሹራቡ ጠቅልሎ ከች ይላል። እንግሊዝኛው ምላስ ስለሚያስር ስም የሚያወጡላቸው በሽፋናቸው ሥዕል ነበር፤ ባለ ድልድዩ፣ ባለ ቀይ ወንበሩ፣ ባለ ጃንጥላው።

ችግሩ መርፌ ነበር። ሸክላ ማጫወቻ በየቤታቸው አለ፤ መርፌ ግን ከአገር ጠፍቶ ለሦስት ቤት አንዲት ብቻ ቀረች። እንደ ማኅበር ጽዋ ተራ ገቡላት። በጥጥ ተጠቅልላ፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ተኝታ፣ እሁድ እሁድ ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች። «ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ ነው?» ሲባል ታዲያ መልስ የሚጠበቀው ከባለ ተራው ብቻ አልነበረም። መርፌ የሌለው በአፉ ያሰማል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቶሎሳ ከሆዱ እያጉረመረመ ቤዙን ይይዛል፤ ጋሼ ስብሐት በጣቶቻቸው ጠረጴዛውን ይደልቃሉ፤ መዝገቡ መዳፉን ከንፈሩ ላይ ደፍኖ ትራምፔት ይሆናል። የዓለምወርቅ ሰሚ ነበረች። «አንቺ ባትኖሪ እኮ ሦስት እብዶች ነን» ይላት ነበር መዝገቡ።

ከሦስት ዓመት በፊት መዝገቡ ከነመኪናው ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ወደ ሰሜን ታዘዘ። በሄደበት ጠዋት ባልና ሚስቱ አዲሱን ባለ ጃንጥላ እየሰሙ ነበር። የሸክላው ፊት እንዳለቀ ከደጅ የባልደረቦቹ ክላክስ ተነፋ። «ጀርባውን ስመለስ አብረን እንሰማዋለን» ብሏት ወጣ። ወጥቶም ቀረ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። አማቷ እማማ ብርቅነሽ «ልጄ ተዝካር እንኳ ሳይወጣለት» እያሉ ያነባሉ፤ እሷ ደግሞ ጥቁር አልለብስም ብላ ከዘመድ ተቀያይማለች። ምን እየሰማሽ ነው ስትባል መልሷ ያው ነው፤ «ባለ ጃንጥላውን። ፊቱን።» ጀርባውን ማንም አልነካውም። በአፍ ሲጫወቱም የትራምፔቱ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ዝናቡን ትንሽ ይሰሙና ይቀጥላሉ።

በአንድ የሐምሌ እሁድ፣ ተራው የእሷ ሲሆን፣ ቶሎሳ የክብሪት ቀፎውን ከፍቶ መርፌዋን በማጉሊያ መነጽሩ አያት። ፊቱ ጠቆረ።

«አለቀላት» አለ። «አንድ ፊት ብታጫውት ነው። ከዚያ ወዲያ ሸክላውን ማረስ ነው።»

«ሌላ አይገኝም?» አለች የዓለምወርቅ።

«ሰማይ ቤት ካልሆነ። መርካቶን በእግሬ ነው የጨረስኩት።»

ጋሼ ስብሐት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ባለ ድልድዩን ብሰናበት አልጠላም ነበር፤ ግን ተራ ተራ ነው። የፈለግሽውን አድርጊ፣ ልጄ።»

የዓለምወርቅ ሸክላውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ጀርባውን ማጫወት ድንኳን ሳይተከል፣ ቄስ ሳይጠራ ባሏን በገዛ እጇ መቅበር ሆኖ ታያት፤ ፈራች። ፊቱን ብትደግመው ደግሞ ጀርባው እንደታፈነ ሊቀር ነው። ሲመጣ ምን ትለዋለች? መርፌ አለቀች፣ እኔም አልሰማሁልህም? መርፌ የሌለው በአፉ ያሰማል፤ ያልሰማ ግን በምኑ ያሰማል?

ሸክላውን ገለበጠችው።

ፒያኖው እንደ እንግዳ በሩን ገፋ አድርጎ ቀስ ብሎ ገባ። ዝናቡና ሙዚቃው ተቀላቀሉ። ግድግዳው ራቀ፣ ጠረጴዛው ራቀ፣ የዓለምወርቅም መኪናው ውስጥ ከመዝገቡ ጎን ተቀምጣ ራሷን አገኘችው። ጣርማ በር ተራራ ላይ ናቸው፤ ጉሙ መስታወቱን ይልሳል፤ እሱ አንድም ቀን ይዟት ባልሄደበት መንገድ በአንድ እጁ ይነዳል። ትራምፔቱ ሲገባ መንገዱ ከሥራቸው ጠፋ፤ መኪናው በጉሙ ላይ ይንሳፈፍ ጀመር። መዝገቡ ዞሮ «ሰማሽ?» አላት። «እየሰማሁልህ ነው» አለችው። የት እንደሚተነፍስ፣ የት ሊያለቅስ ደርሶ እንደሚተወው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ያዘች።

ሙዚቃው አልቆ መርፌዋ ባዶውን ስትዞር ማንም ሊያነሳት አልደፈረም። በመጨረሻ ቶሎሳ ነቅሎ በጥጥ ጠቀለላትና የክብሪት ቀፎውን የዓለምወርቅ እጅ ላይ አኖረው።

በሳምንቱም ዘነበ። መርፌ ባይኖርም ሦስቱ ተሰበሰቡ፤ ቶሎሳ ለልማዱ ጋቢውን ድምፅ ማጉያው ላይ ጣለው።

«ሰሞኑን ምን እየሰማሽ ነው?» አሉ ጋሼ ስብሐት።

«ባለ ጃንጥላውን» አለች። «ጀርባውን።»

ቶሎሳ ቤዙን ጀመረ፤ የጋሼ ስብሐት ጣቶች ተከተሉት። የትራምፔቱ ቦታ ሲደርስ እንደ ወትሮው ዝም አሉ። የዓለምወርቅ መዳፏን ከንፈሯ ላይ ደፈነች። የመጀመሪያው ድምፅ ተንሻፎ ወጣ፤ ሁለተኛው ግን ቀና። እንባዋ በጣቶቿ መሃል እየወረደ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አደረሰችው። ቶሎሳ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«እስኪመጣ ነው» አለች ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች። «ቦታው ጭር እንዳይል። ሲመጣ ይቀበለኛል።»

ጋሼ ስብሐት ዓይናቸውን ጠራረጉና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉት።

«ከመጀመሪያው» አሉ። «ቶሎሳ፣ ቤዙን ያዝ እንጂ!»